ቤት ስንቀይር ልጆቻችንን እንዴት እናግዛቸው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት መቀየር የተለመደ ነው። ተከራይ ኪራይ ሲጨመርበት ይወጣል፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ለዘመናት የኖረበትን ሰፈር ለቆ ወደ ገላን ጉራ፣ ወደ አራብሳና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳር ሰፈሮች ሄዷል። በዚያ ሁሉ ግርግር ወሬው ስለ ምትክ ቤት፣ ስለ ካሳ፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ውሃ ነው። ስለ ልጆቹ ሲነሳ ግን አንድ ቃል ብቻ ይባላል፤ «ይለምዱታል»። አዎ፣ አብዛኞቹ ይለምዳሉ። እስኪለምዱ ድረስ ያለው ጊዜ ግን የእኛን እጅ ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ለልጄ መቼ ልንገረው?

ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት። ይሄ ዋናው ነው። በእኛ ቤት ትልልቅ ሰዎች ቡና ላይ ሲያወሩ ልጆች የማይሰሙ ይመስለናል። ይሰማሉ። ግማሹን ሰምተው ግማሹን ራሳቸው ይሞሉታል፤ የሚሞሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። «ቤታችን ሊፈርስ ነው» የሚለውን በጆሮው የያዘ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እሱ ተኝቶ ሳለ ቤቱ የሚፈርስ ሊመስለው ይችላል።

ትምህርት ቤት የጀመረ ልጅ ከሆነ እናንተ እርግጠኛ እንደሆናችሁ ወዲያው ንገሩት። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ወር ቀድሞ መንገር ትርጉም የለውም፣ ጊዜውን አይለካውም። አንድ ሁለት ሳምንት ሲቀር ይበቃል። ለጉርምስና ለደረሰ ልጅ ግን ጉዳዩ ገና ሲታሰብ ጀምሮ አሳውቁት፤ ተወስኖ ካለቀ በኋላ ሲሰማ የሚቆጣው በቤቱ ብቻ አይደለም፣ ከቁም ነገር ባለመቆጠሩም ነው።

እኛ ራሳችን ፈልገን አይደለም የምንሄደው። ምን ብዬ ላስረዳው?

እውነቱን፣ በእድሜው ልክ። «እዚህ መንገድ ሊሠራ ነው፣ ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ሌላ ቦታ ቤት ተሰጥቶናል» ወይም «የቤቱ ባለቤት ቤታቸውን ፈለጉት፣ እኛ ደግሞ ሌላ አገኘን»። ከዚያ የሚቀጥለው አረፍተ ነገር ከሁሉ ይበልጣል፤ «አንተ ምንም ያጠፋኸው ነገር የለም፤ እኔም አባትህም እህትህም አብረን ነው የምንሄደው»። ትንንሽ ልጆች መጥፎ የመሰላቸውን ነገር ሁሉ ከራሳቸው ጥፋት ጋር ያያይዛሉ። ግድግዳ ላይ ስለጻፍኩ ነው ያባረሩን ብሎ የሚያምን ልጅ አለ። ካልነገራችሁት በሆዱ ይዞት ይኖራል።

አትዋሹ። «ለጥቂት ቀን ነው፣ እንመለሳለን» ማለት ለዛሬ ለቅሶ ማስቆሚያ ይሆናል፣ ነገ ግን የምትነግሩትን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። አዲሱን ሰፈርም ገነት አድርጋችሁ አትሳሉለት። «ትልቅ ሜዳ አለ፣ ሽርሽር ነው» ተብሎ ሄዶ የጠበቀው ጭቃና ያልተነጠፈ መንገድ ከሆነ ምን ይላል? ያለውን ንገሩት። ውሃ በፈረቃ ከሆነ ውሃ በፈረቃ ነው። ለብቻው የሚተኛበት ክፍል ካለም እሱንም ንገሩት፣ ይሄ ለልጅ ትልቅ ዜና ነው።

ገና ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች?

ቤቱን ላታውቀው ትችላለች። ሰውና ሥርዓት ግን ታውቃለች። የሚያጥባት ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ጋቢ እንደምትጠቀለል፣ ከእንቅልፍ በፊት ምን እንደሚዘፈንላት። ስለዚህ ለሕፃን ልጅ ቤት ሲቀየር ሌላው ነገር እንዳይቀየር አድርጉ። ጡት ማስጣል፣ ፖፖ ማስጀመር፣ ከእናት አልጋ መለየት፣ ይሄን ሁሉ ከቤት ለውጡ ጋር አትደርቡት። ሁለት ሦስት ወር ቢዘገይ የሚጎድል ነገር የለም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ሞግዚቷ። አዲሱ ቤት ራቅ ስለሚል ወይም ስለሚጠብ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ያሳደገችውን ልጅ በዚያው ያሰናብታል። ለእኛ ሠራተኛ ለቀቀች ነው። ለልጁ ግን ከእናቱ ቀጥሎ የሚያውቃት ሰው ጠፋች ማለት ነው፣ ያውም ቤቱ በጠፋበት ሳምንት። የሚቻል ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብራችሁ ትሂድ። ካልተቻለም ሳትሰናበተው እንዳትወጣ። ተኝቶ እያለ «እንዳያለቅስ ብለን» ማስወጣት ደግነት አይደለም። ያልቅስ፤ ደህና ሁን ብላው፣ ስማው ትሂድ፤ በስልክም ድምጿን ያሰሙት።

ሰፈሩን መሰናበት ያስፈልገዋል?

በጣም። ለልጅ ሰፈር ማለት ግድግዳ አይደለም። ማስቲካ በዱቤ የምትሰጠው ባለሱቅ ናት፣ ኳስ የሚመቱበት ቅያስ ነው፣ «የማን ልጅ ነህ» ሳይሉ ምሳ የሚያበሉት እትዬ ናቸው። ይሄን ሁሉ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አይሱዙ ላይ ተጭኖ ጥሎ መሄድ ለማንም ይከብዳል።

አንድ ከሰዓት ስጡት። ራሱ ይምራ፤ ማንን መሰናበት እንደሚፈልግ እሱ ይምረጥ። በስልካችሁ ፎቶ ያንሳ፣ እሱ የሚያነሳው እናንተ የምታነሱት አይሆንም። የበሩን ቁልፍ፣ የሰፈሩን ውሻ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተጻፈ ስሙን ሊያነሳ ይችላል። ተዉት። የጓደኞቹን ወላጆች ስልክ ቁጥር ግን እናንተ መዝግቡ፤ በኋላ እናገኛቸዋለን ተብሎ ሰፈሩ በአንድ ወር ከተበተነ ማንን ጠይቃችሁ ታገኛላችሁ?

ውሻ ወይም ድመት ካላችሁና ኮንዶሚኒየም ይዛችሁ መግባት ካልቻላችሁ፣ ማን እንደሚወስዳት ልጁ ይወቅ፣ ቢቻል አብሮ ያድርሳት። «ጠፋች» ብላችሁ አትሸውዱት። አዲስ ቤት ገብቶ በየቀኑ ሊፈልጋት ነው።

ዕቃ በሚጫንበት ቀን ልጆቹን የት ላድርጋቸው?

በጣም ትንንሾቹ አክስት ጋ ቢውሉ ጥሩ ነው። ጫኝና አውራጅ እየተጯጯኸ፣ ቁምሳጥን በደረጃ እየወረደ ሕፃን መሀል መግባት የለበትም። ከአምስት ስድስት ዓመት በላይ ያሉት ግን ቢያዩ እመርጣለሁ። ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ማታ ሌላ ቤት የሚገባ ልጅ መሀሉ ላይ የሆነውን አያውቀውም። ባዶ የሆነውን ክፍል አንዴ ይይ፣ ድምፁ ሲያስተጋባ ይስማ።

የራሱን ዕቃ ራሱ ይሰብስብ። አንድ ካርቶን ስጡት፣ ስሙን ይጻፍበት። ውስጡ የሚከተው የተሰበረ መኪናና ቆርኪ ቢሆንም አትጣሉበት፣ ቤት መቀየር አሮጌ መጫወቻ የማጽጃ ጊዜ አይደለም። ያ ካርቶን መኪናው ላይ መጨረሻ ይጫን፣ መጀመሪያ ይውረድ።

አዲሱ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ምን እናድርግ?

የሚተኙበትን ቦታ አስተካክሉ። ሳሎኑ፣ ቡፌው፣ መጋረጃው ይቆይ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ልጁ በድሮው ብርድ ልብሱ፣ በድሮው ትራስ ይተኛ። ለአዲስ ቤት አዲስ አንሶላ የሚለው ነገር ለእንግዳ እንጂ ለልጅ አይደለም፤ የሚያውቀው ሽታ ያስተኛዋል። የተለመደ ምግብ ሥሩ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪ ወይም ሻማ የት እንዳለ እወቁ፣ በማያውቁት ቤት ጨለማ ሲሆን ትልልቆቹም ይደነግጣሉ።

ድምፆቹን አስረዱት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከላይ ያለው ጎረቤት ወንበር ሲጎትት፣ ቧንቧው ውስጥ አየር ሲያፏጭ፣ ደረጃው ላይ ሰው ሲሮጥ ይሰማል። ግቢ ቤት ለኖረ ልጅ ይሄ አስፈሪ ነው። «ይሄ የምን ድምፅ ነው?» እያላችሁ አብራችሁ ስሙት፣ በቀን ወጥታችሁ የድምፁን ምንጭ አሳዩት።

ለጥቂት ቀን እናንተ ጋ ልተኛ ቢልም አስተኙት።

ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ግቢ የለም። የት ይጫወት? እንዳይጠፋብኝም እፈራለሁ።

ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀለማቸው አንድ፣ ደረጃቸው አንድ፣ የልብስ ማስጫው ሳይቀር አንድ ነው። ትልልቆቹም በመጀመሪያው ሳምንት የሌላ ሰው በር ላይ ቁልፍ ከተው ሲታገሉ ይገኛሉ። ልጅ ደግሞ ኳስ ተከትሎ ሁለት ብሎክ ከዞረ አለቀለት፤ አለቅሳለሁ አላለቅስም እያለ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ወደ ላይ ወደየበረንዳው እያየ ሲዞር ታገኙታላችሁ። ያያቸው ፊቶች ሁሉ አዲስ ስለሆኑ ማንን እንደሚጠይቅም አያውቅም።

መጀመሪያ የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር በቃሉ ይያዝ፣ የእናንተንም ስልክ ቁጥር። በዜማ ብታደርጉት ቶሎ ይይዘዋል። ቁጥር ለማያውቅ ልጅ ምልክት ስጡት፤ ሱቁ፣ ጥቁሩ ሮቶ፣ የእናንተ በረንዳ ላይ የሰቀላችሁት ቀይ ጨርቅ። ከዚያ ጨዋታ አድርጉት፤ ከታክሲ ስትወርዱ «ዛሬ አንተ ምራኝ» በሉት። ቢሳሳትም ወዲያው አታርሙት፣ ትንሽ ተከተሉት፣ ራሱ ይመልሰው። ከጥቂት ሙከራ በኋላ ከእናንተ የተሻለ ያውቀዋል።

ስለ ጨዋታ ቦታው፣ ብዙዎቹ ሳይቶች ላይ በብሎኮች መካከል ክፍት ቦታ አለ፣ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቢቀርም። ከጎረቤት ወላጆች ጋር ተነጋገሩ፤ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት መኪኖቹ ወደ አንድ ጎን ይቁሙ፣ አንድ ወላጅ በተራ ይቀመጥ። ይሄ የማይቻል የሚመስላቸው አሉ። ግን የብሎኩ ኮሚቴ ለጥበቃና ለጽዳት ገንዘብ መሰብሰብ ከቻለ ለዚህ አያንስም። ሱዚና ብይ ብዙ ቦታ አይፈጁም።

ከጨዋታ በፊት ግን አደጋውን ተመልከቱ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በረንዳ ላይ ልጅ ሊወጣበት የሚችል ወንበር፣ ጀሪካን፣ ሳጥን አታስቀምጡ። የደረጃው መደገፊያ ብረት ያልተሟላ ከሆነ ወይም የተነቃነቀ ከሆነ ዛሬውኑ አሠሩ። ቤት ውስጥ ውሃ የምታጠራቅሙበት በርሜል ክዳን ይኑረው። አጠገባችሁ ያላለቀ ሕንፃ፣ ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ ካለ ልጁን ይዛችሁ ሂዱና በእጃችሁ አሳዩት፣ «እዚህ አትድረስ» ብቻ አይበቃም።

ትምህርት ቤት ወዲያው ይቀይር ወይስ በድሮው ይቀጥል?

ብዙ ወላጅ የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው፣ አንድ መልስም የለውም። የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፤ ዓመቱ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ወር ከሆነና ልጁ ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ሆኖ ፈተና የሚጠብቀው ከሆነ፣ ከተቻለ ይጨርስ። ከዘመድ ቤት እየተመላለሰም ቢሆን። ገና የዓመቱ መጀመሪያ ከሆነ ግን መንገዱን አስቡት። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ፣ በሃይገር ተገፍቶ፣ ማታ 1 ሰዓት የሚገባ ልጅ የድሮ ጓደኞቹን ለማየት ብሎ እንቅልፉን፣ ጨዋታውን፣ ጥናቱን ይከፍላል። አዲሱም ሰፈር ላይ ማንንም ሳያውቅ ዓመቱ ያልቃል፤ የሚኖርበት ቦታ የሚተኛበት ቦታ ብቻ ይሆንበታል።

ክረምት ላይ ቤት መቀየር ለትምህርት ይመቻል፣ መስከረም ላይ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይጀምራል። ችግሩ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ዘግቶበት፣ የሚያውቀው ልጅ ሳይኖር ቤት ይቀመጣል። ለዚህ ከመመዝገቢያው ጊዜ ጀምሮ ትምህርት ቤቱን አስጎብኙት፤ ሽንት ቤቱ የት ነው፣ ውሃ የት ይጠጣል፣ ክፍሉ የትኛው ነው። ልጆች የመጀመሪያው ቀን ላይ የሚያስፈራቸው ሒሳቡ አይደለም፣ ሽንት ቤት የት እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ወረቀቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ከድሮው ትምህርት ቤት መልቀቂያና የውጤት ካርድ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ፎቶ፣ የእናንተም ከድሮው ወረዳ መሸኛ። ሰፈሩ የሚነሳ ከሆነ ትምህርት ቤቱም ሊዘጋ ወይም ሊዛወር ይችላልና አታቆዩት። አዲሱ ሰፈር ከከተማው ዳር ከሆነ የሚያስተምሩበትን ቋንቋ ጠይቁ፤ በአካባቢው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ሊኖሩ ይችላሉ። አፋን ኦሮሞ የማያውቅ ልጅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ቶሎ ይይዘዋል፤ አበረታቱት፣ ጓደኛ የሚያገኝበት አንዱ መንገድ ነው።

አስተማሪዋን አንድ ጊዜ ለብቻዋ አነጋግሯት። «አዲስ ነው፣ ሰፈር ቀይረን ነው» ማለት ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ለምኗት፤ ምሳ ሰዓት ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ትይላችሁ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ አለ፣ ልጆች አብረው ይበላሉ፤ አዲስ ልጅ ብቸኝነቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። ክፍል ውስጥ ወንበሩ ተመድቦለታል፣ ምሳ ላይ ግን ራሱ መፈለግ አለበት።

ወር ሆነው፣ አንድም ጓደኛ የለውም።

አንድ ወር ረጅም አይደለም። ቢሆንም ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። በእኛ አገር የልጅ ጓደኝነት በወላጅ በኩል ይገባል። ቡና አፍሉ፣ ጎረቤት ጥሩ። ጠላ ቀርቶ ፈንዲሻ ይበቃል። ባለ ልጆቹን እናቶች ለዩ። «ልጆቹ ይምጡና ይጫወቱ» በሉ፣ አንድ ልጅ ከመጣ ሌላው ይከተላል። እድር ግቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሰንበት ትምህርት ቤትና ቁርአን ቤት አዲስ ልጅ መቀበል ለምደዋል።

ለቡሄና ለእንቁጣጣሽ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንዲወጣ አድርጉ። ሆያ ሆዬ ወይም አበባየሆሽ ሲሉ በየበሩ ይዞራሉ፣ በአንድ ቀን ሁሉም ቤት ያውቃቸዋል። ዱላውን እናንተ አዘጋጁለት፣ ሙልሙሉንም ጋግሩ።

ዓይን አፋር ልጅ ከሆነ «ሂድ ተጫወት» እያላችሁ አትግፉት። ኳስ ይዞ በር ላይ ይቀመጥ። ኳስ ያለውን ልጅ ሌሎቹ ራሳቸው መጥተው ይጠሩታል።

ስምንት ዓመቷ ነው፤ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረች። ምን ነካት?

ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ትልቅ ለውጥ ሲመጣ ልጆች ያለፉትን ነገር ይመልሱታል፤ አልጋ ላይ መሽናት፣ ጣት መጥባት፣ እንደ ሕፃን ማውራት፣ እናትን ለአፍታ አለመልቀቅ፣ ሆዴን አመመኝ ማለት። ሆን ብላ አይደለም። አትምቷት፣ በእህት ወንድሞቿ ፊት አትናገሯት፣ ፍራሹን ጎረቤት በሚያየው በረንዳ ላይ እያሰጣችሁ አታሸማቅቋት። አንሶላውን ቀይራችሁ «ይሄ ያልፋል» በሏት። ከመተኛቷ በፊት ሽንት ቤት ውሰዷት፣ ሌሊት መንገዱ ላይ መብራት አብሩላት። አንዳንዴ ምክንያቱ በአዲሱ ቤት ጨለማ ኮሪደር አልፎ መሄድ መፍራት ብቻ ነው።

በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ስትሸና የሚያቃጥላት ከሆነ፣ ትኩሳት ካላት፣ ውሃ ያለመጠን የምትጠጣ ወይም የምትከሳ ከሆነ ግን ጭንቀት ነው ብላችሁ አትለፉት። ጤና ጣቢያ ውሰዷት፣ ሽንትና ስኳር ትመርመር።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ አኩርፎ ክፍሉን ዘግቶ ስልኩ ላይ ነው የሚውለው።

ስልኩ ላይ ያሉት የድሮ ጓደኞቹ ናቸው። ቴሌግራም ላይ የሰፈሩ ልጆች ግሩፕ አላቸው፤ ያ ነው የቀረው ሰፈሩ። ስልኩን መንጠቅ ሁለተኛ ማፈናቀል ይሆንበታል። የእንቅልፍ ሰዓት ላይ ሥርዓት አብጁ፣ ከዚያ ውጭ ተዉት።

በዚህ እድሜ ያለ ልጅ ከሰፈሩ ጋር ስሙን ያጣል። እዚያ በኳሱ፣ በቀልዱ፣ በታላቅ ወንድሙ ይታወቅ ነበር። እዚህ ማንም አይደለም። «አመስግን፣ ቤት የሌለው ስንት አለ» የሚለው ንግግር እውነት ቢሆንም እሱን አይደርሰውም። «ናፈቁህ አይደል?» ብላችሁ ዝም በሉ። ከመለሰ ስሙት፣ ካልመለሰም ሌላ ቀን ሞክሩ። ጎን ለጎን ስትሆኑ፣ ታክሲ ላይ ወይም ውሃ ስትቀዱ፣ ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይሻላል።

ሥራ ስጡት። የመብራት ካርድ መሙላት፣ የቀለሙን ዓይነት መምረጥ፣ የትኛው ታክሲ የት እንደሚሄድ አጣርቶ ለቤተሰቡ መንገር። በወር አንዴ ሁለቴ ወደ ድሮው ሰፈር ልጆች የሚሄድበትን ትራንስፖርት ብር ከአስቤዛ እኩል ቁጠሩት።

ወደ ድሮው ሰፈር መውሰድ ቁስሉን መቀስቀስ አይሆንም?

ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። እኔ አይመስለኝም። የናፈቀውን አይቶ የሚመለስ ልጅ ይረጋጋል። ሰፈሩ እንዳለ ካለ ዘመድ ጠይቁ፣ ባለሱቋን ሰላም በሉ። የመጀመሪያውን ጉብኝት ግን አዲሱን ቤት ከለመደው በኋላ አድርጉት፣ በሳምንቱ አይሁን።

ሰፈሩ ፈርሶ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ልጁ ቤቱን ሲጠብቅ ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድና የአበባ መስክ ያገኛል። ሳታዘጋጁት አትውሰዱት። አስቀድማችሁ «ቤታችን አሁን የለም፣ ቦታው ተቀይሯል፤ ማየት ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አልፈልግም ካለ አታስገድዱት። ከፈለገ ሄዳችሁ ያልተቀየረ ነገር ፈልጉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንድ ዛፍ፣ የድሮው ዳቦ ቤት። «በራችን እዚህ ጋ ነበር» ብሎ በእግሩ መሬቱን ሲመታ ልታዩት ትችላላችሁ። ይንገራችሁ። አታቋርጡት።

ሰዎቹ ግን ከቦታው ይበልጣሉ። የድሮ ጎረቤቶች አሁን አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ጀሞ ነው። ለልደት፣ ለክርስትና፣ ለኢድ፣ ለገና ተጠራሩ። አቅም የሚጠይቅ ከሆነ በየተራ ይሁን።

እኔም ከፍቶኛል። ልጆቼ ፊት ማልቀስ ነውር ነው?

አይደለም። አያቱ የሞቱበት፣ እናንተ የተዳራችሁበት ቤት ነው፤ ማዘናችሁ ምንም ነውር የለውም። «እኔም ናፍቆኛል፣ ለዚህ ነው ያለቀስኩት፣ ደህና ነኝ» ብትሉት ልጁ ማዘን እንደሚቻል ይማራል። ልጅን የሚጎዳው በየቀኑ የሚሰማው ምሬት ነው። ጠዋት ማታ «ምን ቤት ነው ይሄ፣ ዱር ውስጥ ጣሉን» የሚባልበት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ቤቱን እንዲወድ ማንም አልፈቀደለትም። ኳስ ተጫውቶ ደስ ብሎት ሲገባ እንኳ ደስታውን ይደብቃል። ምሬቱን ለእህታችሁ በስልክ፣ ለጎረቤት ቡና ላይ አውጡት፤ ልጆቹ ፊት ቀንሱት።

አያቶች አብረዋችሁ ካሉ እነሱንም አስቡ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሊፍት የሚቀመጡ አያት ከቤት አይወጡም፣ ቀኑን ሙሉ የድሮውን ሲያወሩ ልጆቹ ይሰማሉ። ስለ ድሮው ማውራታቸው ጥሩ ነው፣ ተረት ያድርጉት፤ ልጆቹም ወርደው ያዩትን አዲስ ነገር ይንገሯቸው።

ተከራይ ነን፣ በየጊዜው ነው የምንቀይረው። ልጆቼ ምን ይሆናሉ?

ደጋግሞ መቀየር ይከብዳቸዋል፣ ልንሸፋፍነው አንችልም። አንዳንድ ልጆች «ለምን ጓደኛ እይዛለሁ፣ ልንሄድ ነው» ማለት ይጀምራሉ። የምትችሉት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቤት ቢቀየርም ትምህርት ቤት እንዳይቀየር በዚያው አካባቢ መፈለግ፤ ሁለት ሺህ ብር ቀንሶ ሌላ ክፍለ ከተማ ከመግባት ትንሽ ጠበብ ያለ ቤት እዚያው ሰፈር ቢሆን እመርጣለሁ።

ሁለተኛ፣ መብታችሁን እወቁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ይላል፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ብዙ ሰው ከአከራይ ጋር ላለመጣላት ብሎ በቃል ይገባል። ልጅ ላለው ሰው ግን ሁለት ዓመት ማለት ሁለት የትምህርት ዓመት ሳይረበሹ መቀመጥ ነው። በትህትና ጠይቁ፣ አስመዝግቡ።

ከቤት ወደ ቤት የሚከተል ቋሚ ነገርም ይኑራችሁ። አንድ ሥዕል ሁልጊዜ ከአልጋው በላይ የሚሰቀል፣ እሁድ ጠዋት የሚሠራ ጨጨብሳ፣ የልጆቹ ቁመት የሚለካበት ጨርቅ። በር ላይ አትለኩ፣ በሩ ይቀራል።

ባለሙያ ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማልቀስ፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ውጤት መቀነስ ይጠበቃል። ሁለት ሦስት ወር አልፎ ከመቀነስ ይልቅ እየባሰ ከሄደ፣ መብላት ካቆመ፣ ትምህርት ቤት ፈጽሞ አልሄድም ካለ፣ ይወደው የነበረውን ሁሉ ከተወ፣ በየሌሊቱ እየጮኸ ከተነሳ እርዳታ ፈልጉ። «መኖር አልፈልግም» ካለ ወይም ራሱን ከጎዳ ደግሞ ወር አይጠበቅም፣ ሳምንትም አይጠበቅም፤ ብቻውን አትተዉት፣ የዚያኑ ዕለት ውሰዱት። ከቤት ለውጡ ጋር የወላጅ ፍቺ ወይም ሞት ከተደረበም ቶሎ መሄድ ይሻላል።

መጀመሪያ በአካባቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይጽፉላችኋል። እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ያሉ ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፣ አማኑኤል ሆስፒታልም አለ። ስሙን ፈርታችሁ አትቅሩ፤ ልጅ ማነጋገር የሚችል ሰው ማግኘት እብድ ያሰኛል የሚለው ወሬ ስንቱን ልጅ ያለ እርዳታ አስቀርቷል። ጸበል የምትወስዱ ከሆነም ሕክምናውን ሳታቋርጡ ይሁን።

ስትሄዱ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ያዙ፤ መቼ ቤት እንደቀየራችሁ፣ ምልክቱ መቼ እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ልጁ እንዴት እንደነበር። ለልጁም ወዴት እንደምትሄዱ ንገሩት። «መርፌ የለም፤ አንድ ሰው ስለ ድሮው ሰፈርና ስለ አዲሱ ሊጠይቅህ ነው፣ የፈለግከውን ትመልሳለህ» በሉት።